ሰባት ፓውንድ ነፋስ

ነፋስ ይመዘናል? ጋራዤ ድረስ ና፤
ሰባት ፓውንድ ነፋስ በቺንጋ ጠፍሬ
ለቨርለን ገጥሜለት ነበር አምና።

ቨርለንን ሳጊናው ያውቀዋል፤ የሆስፒታሉ ቦይለር ጠባቂ፣
ከሌሊቱ አስር ተኩል ተነስቶ የፊት መስታወት በረዶ ፋቂ።
ፖንቲያኩ ደግሞ የሰባ ሰባት ስሪት፣
ቀለሙ ድሮ ቀይ፣ ዛሬ የደረቀ ጉበት፣
በሩን የመንገድ ጨው፣ ወለሉን የበላው ዝገት፤
ግን ማለዳ ማለዳ የሚነሳ፣
እንደ ጌታው ፈረቃ የማያጓድል፣ ጭማሪ የማያነሳ።

አንድ ቅዳሜ፣ በየካቲት፣ ካርቶን ታቅፎ ገባ፤
ከተጋጨ መኪና የተፈታ ሱፐርቻርጀር፣
እንደ ታመመ ሕፃን ደረቱ ላይ አስጠግቶ።
«ግጠሚልኝ ኦዴት።» ሌላ ቃል የለም፤ ሳቀ ብቻ፣ አንገቱን ደፍቶ።
የጣሪያው ገንዘብ ነበር። ያን ጊዜ አላወቅኩም።
ሉሲንዳ ሳሎኗ መሃል ባልዲ ደቅናለች።
እሱ አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅኩም።

ካንዴላውን ነቅዬ፣ መለኪያዬን ይዤ፣
ስምንቱን ሲሊንደር እንደ ሐኪም ዞርኩ፤
«በል ተንፍስ»፣ «አንተስ?»፣ «ቀጥል» እያልኩ።
ሰባቱ ደህና መለሱ።
ስድስተኛው ግን እንደ ሽማግሌ፣ ደረጃው አጋማሽ ላይ
ባቡሩን ይዞ ቆመ፤ «እመጣለሁ፣ ቆይ።»

«ስማ ቨርለን፣» አልኩት፣ «ይህ ዕቃ አራጣ አበዳሪ ነው።
ሰላሳ ፈረስ ከሞተርህ ይነጥቃል፣ መቶ አርጎ ይመልሳል፤
ወለዱን የሚከፍለው ግን ይሄ አርባ ዓመት ያለፈው ብረት ነው።
ነፋስ እንደ ወሬ ነው፤ አይስትም የሳሳ ግድግዳ፤
ቤንዚን ካነሰው ፒስተን ያቀልጣል፣ ያንተ ነው ዕዳ።
ጎመን በጤና።»

እሱ ግን የቦይለር ሰው ነው።
ግፊትን ሰላሳ ዓመት ዓይን ለዓይን አይቶታል።
«አስራ ሁለት አልልሽም፣» አለ፣ «ሰባት ይበቃኛል።»
«ለምን?» አልኩት።
ጭቃ የመሰለውን በረዶ በመስኮት አየ።
«በየቀኑ እዚያው ነው የምሄደው፣» አለኝ፣ ከቆየ።

ሦስት ቅዳሜ ፈጀብኝ። ስድስተኛውን ከፍቼ
እንደ ቁስለኛ ፋሻውን ለወጥኩለት፤
የቤንዚን ፓምፑን አሳደግኩ፣ ብልጭታውን ትንሽ አዘገየሁበት፤
ኮፈኑ አልዘጋ ሲል በመጋዝ አፍ ከፈትኩለት።
ሲነሳ፣ ከድሮው ጉርምርምታ ሥር ቀጭን ፉጨት ሰማሁ፣
ምስጢር የያዘ ሰው በጥርሱ መሃል እንደሚያፏጨው።

ከዚያስ? ከዚያማ ምንም። ቨርለን እንደ ወትሮው ይነዳል፤
በአርባ ማይል፣ ከበረዶ ጠራጊው ኋላ ኋላ ይሄዳል።
ሥራ የሚደርሰውም በዚያችው ደቂቃ።
ብቻ ሞተሩን ከማጥፋቱ በፊት፣ ይላሉ ዘበኞቹ፣
አንዴ ረገጥ ያደርገዋል፤
ፉጨቷን ሰምቶ ይወርዳል፣ ምሳውን ይዞ፣ ቀስ ብሎ።

በሚያዝያ ሉሲንዳ መጣች። ብቻዋን። ፖንቲያኩን ነድታ።
የጣሪያ ሚስማር ልትገዛ ነበር አወጣጧ፣ በዱቤ።
ለጠብ ተሰናዳሁ፤ እጄን በጨርቅ መጥረግ ጀመርኩ፤
ስለ ባልዲው፣ ስለ ሃያ ስምንት ዓመት ትዳር ልትነግረኝ ነው አልኩ።
ጉንጯ ቀልቷል። ሻሿ ወደ ኋላ ተንሸራቷል።
ከኋላ ወንበር ሚስማሩ ከካርቶኑ ወጥቶ ተበትኗል።
«እዚያ፣ የሀይዌዩ መግቢያ ላይ...» ብላ ጀመረችና ተወችው።
ትኩሱን ኮፈን በመዳፏ እንደ ፈረስ አንገት ዳበሰችው።
ከዚያ በሩን ዞር ብላ አይታ፣ ድምጿን ዝቅ አርጋ፦
«ኦዴት፣ ፑሊው ሲያንስ ነው አሉ ነፋሱ የሚበዛው?
ከዚህኛው የሚያንስ... ስንት ነው የሚሸጠው?»